የትራክተር ሹፌር ነበርኩ በያት

ሚኒሶታ፣ ፍሮግታውን ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ ጎማ ቤት መኪናዬን ይዤ ቆሜ ነበር። የጎማው ዳዶ ዝጎ አልላቀቅ ሲል ሠራተኛው ዘይት አፈሰሰበትና በእሳት ያሞቀው ጀመር። ዝገትና ዘይት አብረው ሲቃጠሉ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ያቅለሸልሻል። ዓይኔ መኪናዬ ላይ ቢሆንም ያየሁት ግን አጎቴን አያ ይመርን ነበር፤ ሮቢንስዴል በአንዲት ፈረንጅ ጋራዥ ውስጥ፣ ቀይ ትራክተር ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት ጫማው ብቻ ወጥቶ።

ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰዎች የሙስሊም ስማችንን ሲሰሙ ቀና ብለው ደግመው የሚያዩን ዘመን ነበር፤ እኛም መልሰን እናያቸው ነበር። በዚያ ሰመር ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይጠረጥራል። ከሁሉም የባስኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የምንኖረው ፍሪድሊ ነበር። አባቴ ትራክ እየነዳ አገር ለአገር ስለሚዞር ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነበር። ቤቱ የእናቴ የዘይነባ፣ የታላቅ ወንድሟ የአያ ይመርና የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። አያ ይመር ከወሎ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋል። እንግሊዝኛው «ሄሎ»፣ «ታንክዩ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ሴል፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን በየደጃፋቸው የሚሸጡበትን፣ መዞር ይወዳል። የሚገዛው ኖሮት አይደለም፤ የሰው ዕቃ ማየት ደስ ስለሚለው ነው። እኔ ምላሱ ነበርኩ።

በረዶው ገና ከየጥጉ ተሟጥጦ ሳያልቅ፣ ሮቢንስዴል አንድ ግቢ ደረስን። ጠረጴዛ ላይ ኩባያና አሮጌ መብራት ተደርድሯል፤ ከጠረጴዛው ኋላ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን አሮጊት ተቀምጣለች። አያ ይመር ኩባያዎቹን እንኳ ሳያይ አልፎ ጋራዡ ውስጥ ዘልቆ ገባ። ጥጉ ላይ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ነበር። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረገና ቁመቴን የሚያህል ጎማ ታየ።

አሮጊቷ ተነሥታ መጣች። «ምን ልርዳችሁ?» አለች። ያን አባባል ከሱቅ አውቀዋለሁ፤ «ምን ልትሰርቁ ነው» ማለት ነው።

«ትራክተሩን እያየ ነው» አልኳት።

«አይሸጥም። የባሌ ነበር። በየካውንቲው ፌር፣ በገበሬዎች ዓመታዊ ትርኢት፣ ወስዶ ጉተታ ይወዳደርበት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ሞተሩ ግሪፕ አድርጎ ቆሟል።»

ይህን ለአያ ይመር ነገርኩት። እጁን ከጎማው ላይ አላነሣም። «ሹፌር ነበርኩ በያት» አለኝ። «አገሬ የትራክተር ሹፌር ነበርኩ በያት።»

እኔም አልኳት። ፊቱን ሳይሆን እጁን ብዙ አየችው። «ምን ዓይነት ትራክተር?» አለች።

ስጠይቀው አያ ይመር በተገለጠው ሸራ ሥር አየት አድርጎ «ቀይ» አለ።

ኦድሪ የምትባለው ይህች ሴት ያኔ ፈገግ አለች። መጠርጠር የጀመርኩት ከዚያች ፈገግታ ነው።

ተስማሙ። አያ ይመር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብረው ሞተሩን ያስነሣሉ፤ ለጉተታም ያዘጋጁታል። ሰመሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ፌር ይወስዱታል፤ የሚነዳውም እሱ ይሆናል። እሷ ጉልበቷ ስለሚያማት ክላቹን መርገጥ አትችልም። ስለ ውድድሩ ስታስረዳን፣ ከትራክተሩ ኋላ «ስሌድ» ይታሰራል አለች፤ ስሌዱ ላይ የብረት ሳጥን አለ፤ ትራክተሩ በሄደ ቁጥር ሳጥኑ ወደ ፊት እየወጣ ሸክሙ ይከብዳል፤ በመጨረሻ ማንም ቢሆን ይቆማል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ያሸንፋል። እኔ የማውቀው ስሌድ በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ነው። በሰመር በአቧራ ላይ ስሌድ! ሴትዮዋ ውሸታም ናት ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ደግሞ ሰምታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «በነጻ? ፈረንጅ በነጻ? አያ፣ ይቺ ሴትዮ የምትፈልገው ነገር አላት።»

«ምን ትፈልጋለች? አሮጊት ናት።»

«አሮጊት ስለሆነች ነዋ የምፈራት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሀያት፣ አብረሽው ትሄጃለሽ። የምትሰሚውን ሁሉ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

እንደዚያ ሆኖ ሰላይ ሆንኩ። ቅዳሜ ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትመረምረኛለች። ምን አበላችው? ኩኪስ። ምን አለበት? ቸኮሌት። በር ተዘግቶ ነበር ተከፍቶ? ተከፍቶ። ምን ሲሠሩ ዋሉ?

«ፒስተኖቹ ላይ ዘይት አፍስሰው፣ ቁጭ ብለው ያዩታል።»

«ቁጭ ብለው?»

«አዎ። እስኪለሰልስ ነው አለች።»

«ምኑ?» አለች እናቴ ቢላዋውን አቁማ።

እውነትም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል፤ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እስኪሰርግ ምንም አይደረግም። ኦድሪ በተጣጣፊ ወንበር ትቀመጣለች፤ አያ ይመር ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። እኔ መሐላቸው ሆኜ እተረጉማለሁ። እሷ ስላደገችበት እርሻ ታወራለች። እሱ ስለ ወሎ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ትራክተር ግን አያወራም። ስትጠይቀው «ብዙ ጊዜ ሆነው፣ ረስቼዋለሁ በያት» ይለኛል።

አንድ ቀን እናቴ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ መኝታ ቤት ሆኜ ሰማኋት። «ኧረ አጀብ ነው! ይመር ትራክተር ሊነዳ! አዋሽ ቆላ ወርዶ ጥጥ ይለቅም ነበር እንጂ የምን ትራክተር። ፀሐይ ሲበረታ የትራክተሩ ጥላ ሥር እንኳ ቢቀመጥ ሹፌሮቹ ያባርሩት ነበር። ለሴትዮዋ ምን ብሎ እንደነገራት አላህ ይወቅ።»

ለሴትዮዋ ምን እንደነገራት የማውቀው እኔ ነኝ። በእኔ አፍ ነው የተነገራት። አያ ይመር ውሸታም ከሆነ ሌላም ነገር ዋሽቶን ይሆናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁት።

ወዲያው አየሁ። ዳዶ ፍታ ስትለው መፍቻውን ይበልጥ ወደሚያጠብቀው አቅጣጫ አዞረው። ኦድሪ እጇን እጁ ላይ አድርጋ ወደ ሌላኛው አዞረችለት። ሌላ ቀን መቀመጫው ላይ ወጥቶ ክላቹ የት እንዳለ በዓይኑ ሲፈልግ፣ «የእናንተ አገር ትራክተር ክላቹ በዚህ በኩል አልነበረም መሰለኝ በይው» አለችኝ። አያ ይመር ሰምቶ «አዎ አዎ፣ የእኛ ሌላ ነው» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

እንደሚዋሽ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ዝም አለችው? እንዲህ ያለ ዝምታ ወጥመድ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ። ይህን ግን ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ቅዳሜው ይቀራል፤ ቅዳሜው ቢቀር ደግሞ መጨረሻውን አላውቅም።

እየዋለ እያደረ ትራክተሩ እየተነሣ መጣ። ፒስተኖቹ ለቀቁ፤ በአዲስ ተተኩ። ካርቡራተሩን በባልዲ ቤንዚን አጠብነው፤ ከውስጡ የሞተ ንብና የአይጥ ጎጆ ወጣ። ማግኔቶው ብልጭታ ሲሰጥ አያ ይመር «ቢስሚላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ኦድሪም ከእሱ ተምራ ቁልፍ በነካች ቁጥር «ቢስሚላ» ማለት ጀመረች።

ከዚያ የኋላው ጎማ ዳዶ አስቸገረ። አያ ይመር መፍቻው ላይ ተንጠለጠለ፣ አልሆነም። ኦድሪ «ቺተሩን አምጪው» አለችኝ። ምን እንዳለች አልገባኝም። «ቺተሩን፤ ያለ ቺተር አይሆንም።» እኔ ቺተር ማለት ፈተና ላይ የሚኮርጅ ልጅ መሆኑን ነው የማውቀው። ደንግጬ ቆምኩ፤ እሷው ተነሥታ ከጥግ አንድ ነገር ይዛ ስትመጣ እኔ ወደ ውጭ ወጥቻለሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ያለ ማጭበርበር አይሆንም አለች።»

እናቴ ሽንኩርቱን ተወችው። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም!» በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣ ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ገባች።

ጋራዡ ደጃፍ እንደቆመች፣ «ቺተር የተባለው የት አለ? ታሳየኝ» አለችኝ። ተረጎምኩ። ኦድሪ ትንሽ ግራ ገባትና ሄዳ ረጅም የብረት ቱቦ አመጣች። የመፍቻው እጀታ ላይ ሰካችው፤ እጀታው በሦስት እጥፍ ረዘመ። ጉልበት የሌለው ሰው ዳዶውን የሚያጭበረብርበት ቱቦ ነው አለች። «እስካሁን አልለቀቀም። ትሞክሪው?» ብላ ጫፉን ለእናቴ ዘረጋችላት።

እናቴ ቱቦውን ተቀበለች። ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ በመላ ሰውነቷ ተጫነችው። ዳዶው «ጯ!» ብሎ ለቀቀ። እናቴ በጉልበቷ መሬት ልትደርስ ስትል ኦድሪ በብብቷ ገብታ ያዘቻት። ሁለቱ እንደዚያ ተያይዘው ጥቂት ቆሙ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ መዳፏን እያየች፣ «ሴትዮዋ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ሰው የላትም እንዴ?» አለች።

ሰውማ አላት። ልጇ ዳረል በዚያው ሰሞን መጣ። ሞተሩ ተነሥቶ በጠባቧ መንገድ ወዲህ ወዲያ ሲል ከማዶ ያለ ጎረቤት ደውሎ «አንድ ሰውዬ የእናትህን ዕቃ ሊወስድ ነው» ብሎት ኖሮ፣ ከሩቅ ከተማ ሥራውን ጥሎ መጥቷል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲናገር ግን ድምፁን አያነሣም። አያ ይመርን ጨበጠው። ጨብጦ ለረጅም ጊዜ እጁን አልለቀቀም።

«የት ነው መንዳት የተማርከው?» አለው።

«አገሬ በይው።»

ዳረል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አያ ይመርን ትቶ እኔን እያየ፣ እነዚህ ትራክተሮች ምን እንደሚያደርጉ ነገረኝ። ከኋላ ያለው ሸክም ሲከብድ አፍንጫቸው ይነሣል። ክላቹን በጊዜ ካልረገጥክ ቀጥ ብለው ቆመው በነጂው ላይ ይገለበጣሉ። የልጅነት ጓደኛው አባት እንደዚያ ነው የሞተው። «ንገሪው» አለኝ። ነገርኩት። አያ ይመር «ኖ ፕሮብሌም» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ራቀኝ። አያ ይመርና ኦድሪ ግን ከትራክተሩ ፊት የብረት ክብደት ሲያንጠለጥሉ፣ አፍንጫውን ሲያከብዱ ሰነበቱ። ኦድሪ መቀመጫው ላይ ታስቀምጠውና በምርኩዟ ጫፍ ጉልበቱን መታ ታደርገዋለች፤ «ተነሣ!» ስትል፣ አፍንጫው ተነሣ ማለቷ ነው፣ ክላቹን ይረግጣል፤ «ተነሣ!»፣ ይረግጣል። ሌላ አማርኛ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

የፌሩ ቀን ከከተማ ወጥተን በቆሎ በቆሎውን ስንነዳ ዋልን። እናቴም መጣች፤ እናቴ እቤት ሆና መጠበቅ አትወድም። ሜዳው አቧራ ነው፣ የተጠበሰ ነገር ሽታ ነው፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሻርፕ የለበሰችው እናቴ ብቻ ነበረች። ስሌዱንም አየሁት፤ ቤት የሚያህል ብረት ነው፣ ኦድሪ አልዋሸችም።

ትራክተሩን በትሬለር ጎትቶ ያመጣው ዳረል ነው። ስማችን ሊጠራ ሲቃረብ ግን ትራክተሩን የያዘውን ሰንሰለት አልፈታም አለ። አያ ይመርን አልፎ፣ ኦድሪን አልፎ፣ እናቴ ፊት መጥቶ ቆመ።

«እህቱ ነሽ አይደል?» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይህ ሰው አገሩ ትራክተር ነድቷል ወይስ አልነዳም? ቢገለበጥበት ዕድሜ ልኳን የምትጸጸተው እናቴ ናት።»

ተረጎምኩላት። እናቴ እያንዳንዱን ቃል እንደገባት ዓይኗ ላይ አይቻለሁ፤ ሆኖም «ምን አለ?» አለችኝ። ደገምኩላት።

እናቴ ለመዋሸት እንዴት እንደምትፈራ ማወቅ ያስፈልጋል። ማነጋገር የማትፈልገው ሰው ሲደውል፣ «እቤት የለችም በይ» ለማለት መጀመሪያ በሩን ከፍታ ኮሪደር ላይ ትወጣለች። እዚያ ጫማ ሳታደርግ ቆማ ስልኩን እስክዘጋው ትጠብቃለች፤ እኔ እንዳልዋሽ። እሷ ናት አሁን የተጠየቀችው።

ኦድሪ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። አያ ይመር እኛን አላየም፤ በሸሚዙ እጅጌ የትራክተሩን ጭቃ መከላከያ ይጠርጋል፤ የጠረገውን መልሶ ይጠርጋል። እናቴ ጀርባውን ብዙ አየችው።

«ነድቷል በይው» አለች።

እጅጌዋን ጎተትኩ። «እማ...»

«ነድቷል በይው!» ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ወላሂ ብላለች በይው።»

ብተረጉመው አያ ይመር ሊሞት ይችላል። ባልተረጉመውም፣ ያን ጊዜ ስም የማላወጣለት አንድ ነገር በውስጡ ሊሰበር ነው፤ ያንን ከጀርባው አየሁት። «ነድቷል ትላለች» አልኩት ዳረልን። «በእግዚአብሔር ስም ትምላለች።»

ዳረል እናቴን አያት፤ እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታው።

እናቴ እጄን ያዘችኝ። አያ ይመር ሜዳው መሐል ደርሶ፣ ስሌዱ ከኋላው ተያይዞ፣ አረንጓዴ ባንዲራ ሲወርድ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ደረሰች። ትራክተሩ በመጀመሪያ ቀላል ነገር የሚጎትት ይመስል ሄደ። ከዚያ ሳጥኑ ስሌዱ ላይ ወደ ፊት እየወጣ መጣ፣ የሞተሩ ድምፅ እየወፈረ ሄደ፣ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። በመጀመሪያ ጣት ያህል፣ ከዚያ ክንድ ያህል። አያ ይመር ሰማዩን የሚያይ ሆነ። እናቴ «ያረቢ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትላለች።

ከአጠገቤ ኦድሪ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል «ተነሣ!» ብላ ጮኸች።

ሊሰማት አይችልም ነበር። ግን ጉልበቱ ሲወርድ አየሁት። አፍንጫው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጎማዎቹ መሬት ያዙ፤ ክላቹን እየለቀቀ ደግሞ ጎተተ። ትንሽ ሄዶ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት አፈሩን መቆፈር ጀመሩ፣ ባንዲራው ተነሣ፣ አለቀ።

አላሸነፈም። ከእሱ በፊት የጎተቱት ርቀውታል፣ ከእሱ በኋላ የመጡትም አለፉት። ያጨበጨበው ሰው ጥቂት ነው። እሱ ግን አልወረደም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቁጭ አለ፤ ተጎድቷል ብዬ ፈራሁ። የሜዳው ሠራተኛ መጥቶ በእጁ ምልክት ሲሰጠው ነው ሜዳውን የለቀቀው። ወርዶ ወደ እኛ ሲመጣ ፊቱ በአቧራ ነጥቷል። ኦድሪን አልፏት፣ ዳረልን አልፎት፣ እናቴ ጋ ደረሰ።

«ዘይነባ፣ አየሽኝ?» አላት።

«አየሁህ» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ መንገዱን፣ እሷ በመስኮት በቆሎውን ብቻ ያያሉ፤ ተቀያይመዋል ብዬ ጠረጠርኩ።

በማግሥቱ ጧት እናቴ ሻይ አፍልታ ለእኔ ቀዳችልኝ፤ ለራሷ አልቀዳችም። ምሳም አልበላችም። አያ ይመር ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሥራ ሄደ። ረስቶት ነው ብዬ ነበር፤ ሲመለስም ግን አልነካውም። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሚኒሶታ ሰመር ፀሐይ አልጠልቅም ትላለች። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መሐላቸው ተምር በሳህን አድርገው፣ መስኮት መስኮት ያያሉ።

«ረመዳን ነው እንዴ?» አልኩ።

«አይደለም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ለምን ትጾማላችሁ?»

እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ አቃናች። «በሐሰት የማለ ሰው ከፋራ አለበት፤ ለኃጢአቱ ሦስት ቀን ይጾማል» አለች።

«አያ ይመር ግን አልማለም።»

አያ ይመር ከሥራ ልብሱ ላይ የካርቶን ብጣሽ እየለቀመ ነበር። «እኔማ» አለ፣ «ብቻዋን እንዳትጾም ነው።»

እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር።